በአንድ ስም የተሸጠ የሁለት ቤት ዕቃ

ደብዳቤው ፌናን ያገኛት በጥር አጋማሽ ነው። አሮጌ ዕቃ የምትሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ባለፈው ዓመት አርባ ሰባት ዕቃ መሸጧን አስታውሶ፣ ሠላሳና ከዚያ በላይ የሸጠን ሰው ማሳወቅ የሕግ ግዴታው በመሆኑ ስሟንና የተቀበለችውን ገንዘብ ለግብር መሥሪያ ቤት ማስተላለፉን በትሕትና ገልጾላታል። አጥፍተሻል አይልም፤ ክፈይ አይልም። ክስ ቢሆን ኖሮ መልስ በተገኘለት ነበር፤ ደብዳቤው ግን ማወቁን ብቻ ነግሯት ዝም አለ።

ከአርባ ሰባቱ ሃያ ዘጠኙ ከዓመት በፊት ያረፉት እናቷ ዕቃዎች ነበሩ፤ እነዚያ ብቻ ቢሆኑ ስሟን የሚያነሣ ባልኖረ ነበር። አሥራ ስምንቱ ግን ከእርሷ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት የአቶ ዊብረን ነበሩ። ሽማግሌው ባለቤታቸው ቺትስኬ ካረፉ በኋላ የሸክላ ዕቃዎቻቸውንና አንድ የማንኪያ ሣጥን ሊሸጡ ፈለጉ፤ በስልክ መሸጥ አልሆንላቸው ስላለ ፌና በራሷ ስም ልትሸጥላቸው ተስማማች። በዚያ ሕንፃ፣ በካምፐን ከተማም በብዙ ሰው ዘንድ እንደሚታየው፣ ለጎረቤት በተሠራ ሥራ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። ፌናም አንድ ሳንቲም እንደማትወስድ ራሷ ተናግራ ነበር።

ወሰደች። መጀመሪያ ለመጠቅለያ ወረቀት ስትል ሁለት ዩሮ ቀነሰች፤ ቀጥሎ በብስክሌት ለተመላለሰችበት አምስት። ሰው ለራሱ የሚያቀርበው ምክንያት ሁልጊዜ ከእጁ ቀድሞ ይደርሳል። ሰማያዊው የአበባ ማስቀመጫ በሁለት መቶ አርባ ዩሮ በተሸጠ ጊዜ ለአቶ ዊብረን ዘጠና በፖስታ አድርጋ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም ሳይቆጥሩ አመሰገኗት።

በመጋቢት ወር፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት የግብር ቅጽ ለሚሞሉ ሰዎች ከሚረዱት በጎ ፈቃደኞች ወደ አንዱ ቀረበች። ሰውዬው ረጋ ብሎ አስረዳት፦ ሰው ሲገለገልበት የኖረውን የቤት ዕቃ ቢሸጥ በተለምዶ ግብር አይጠየቅበትም፤ የእናቷም የጎረቤቷም ዕቃ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ በሙሉ በእርሷ ስም ስለተመዘገበ፣ በአንድ ዓምድ የተሸጠበትን ዋጋ፣ በሌላው ጎረቤቷ የተቀበሉትን ጽፋ እንድታስፈርማቸው መከራት። ከዚያም ቀና ሳይል፣ «ለራስዎ ያስቀሩት ካለ እሱ ገቢዎ ነው፤ ይጻፋል» አላት።

ፌና ተመልሳ እንደምትመጣ ነግራው ወጣች። አልተመለሰችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፖስታ ሣጥኑ ክዳን ኳ ባለ ቁጥር የያዘችውን ትታ ታዳምጥ ጀመር። አቶ ዊብረንን ደረጃ ላይ እንዳታገኛቸው ቆሻሻ የምታወርድበትን ሰዓት ለወጠች። ስልኳ ሲጮኽ ቁጥሩን ሳታይ አታነሣም። ቅጹ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን እየቀረበ ሄደ።

እህቷ ሪንስኬ እሑድ መጥታ ነገሩን ስትሰማ አቃለለችው።

«ሁሉም የእማዬ ነበር በያቸው፤ አለቀ። አንድ ሳንቲም አትከፍዪም። እማዬ እንደሆነች መጥታ አትመሰክርብሽም።»

«ማስቀመጫውስ?»

«እሱንም ለእማዬ ስጪያት። በሕይወቷ አንድ ደህና ማስቀመጫ አልነበራት፣ ምስኪን።»

ፌና ሳቀች፤ ወዲያው በሳቋ አፈረች። ሐሰቱ እንዲህ ርካሽ መሆኑ ነበር የሚያስጨንቃት፤ ማንም አይመረምረውም፣ ማንንም አይጎዳም፣ በአንድ ቃል ይዘጋል። እውነቱ ግን በአቶ ዊብረን በር በኩል ብቻ ነበር የሚያልፈው። ሪንስኬ ከሄደች በኋላ ወረቀት አውጥታ ሁለቱን ዓምዶች አሰመረች። ድምሩ ሦስት መቶ አሥር ዩሮ ልዩነት አሳየ።

በማግሥቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደወላቸውን ደወለች። አቶ ዊብረን ቡና ቀዱላት፤ ከቆርቆሮ ጣሳው አንድ ብስኩት ሰጥተዋት ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ብስኩቱን አልነካችውም። ወረቀቱን ከፊታቸው አኑራ ለምን እንደመጣች ነገረቻቸው። እርሳቸው አጉሊ መነጽራቸውን በየመስመሩ አንቀሳቀሱት። ማስቀመጫው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይሄ ስሕተት ነው?»

«ስሕተት አይደለም፣ አቶ ዊብረን። ወስጄ ነው።»

ሦስት መቶ አሥሩን ዩሮ የያዘ ፖስታ ወደ እርሳቸው ገፋች። ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ይሰድቡኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እንዲያውም ተመኝታው ነበር።

«አሁን ሰጠሽኝ አይደል?» አሉ። «እንግዲያው ሌላ ወረቀት አምጪና ሙሉውን ተቀብያለሁ ብዬ ልፈርም። ምን አስለፈለፈሽ፣ ጎረቤት።»

ያቀረቡላት ምሕረት ነበር፤ ነገር ግን ምሕረቱ የሐሰት ፊርማ ለብሶ መጣ። ተቀብላው ብትወጣ የራሷን ጥፋት ከአንድ ንጹሕ ሽማግሌ እጅ ጋር አሥራ መሄዷ ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

«አምና የደረስዎት ይሄ ብቻ ነው። በዚሁ ይፈርሙልኝ። ያስቀረሁትን አስቀርቻለሁ ብዬ እኔው እጽፈዋለሁ።»

ፈረሙ። ፖስታውን ግን አልከፈቱትም፤ ስኒያቸውን አነሡ።

«ያልተሸጠው የቺትስኬ የማንኪያ ሣጥን አንቺ ጋ ነው።»

«አዎ።»

«ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።»

ፌና ወደ ላይ ወጥታ ቅጹን ሞላች፤ ሦስት መቶ አሥሩን ዩሮ ገቢ በሚለው ሥፍራ አስገብታ ላከችው። መሥሪያ ቤቱ የሚለውን ለማወቅ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። እርሷን ግን ያስጨነቃት እሱ አልነበረም። የማንኪያውን ሣጥን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ማንኪያዎቹ እንዳይንኳኩ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። የአቶ ዊብረን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ደወል ሳትደውል አኑራው እንድትሄድ ይሁን ወይስ እንድትገባ፣ ልታውቅ አልቻለችም፤ ሣጥኑን እንደታቀፈች በሩ ፊት ቆመች።