በመሪጌታ ጉሮሮ የተደበቀችው ቀዳዳ

ለሰቆጣ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የመሪጌታ ትእዛዙ ቡናማ የአንገት ሻርፕ፣ በጋ ክረምት ሳይል ለዘጠኝ ዓመታት በቅንነት ካገለገለ በኋላ፣ በ፳፻ ዓመተ ምሕረት በክብር መሰናበቱ ይገለጻል።

ሻርፑ የሚሸፍነው ነገር ነበረው። የመሪጌታ አንገት በየዓመቱ በግራ በኩል ያብጣል፤ በምላጭ ይከፈታል፤ መግሉ ወጥቶ ይደርቃል፤ ተመልሶ ያብጣል። ማሕሌት የሚመሩት በዚሁ ጉሮሮ ነውና አንድ ነገር ብቻ ይፈሩ ነበር፤ ድምፃቸውን ማጣት።

በመጨረሻ ሚስታቸው እታለም እየጎተተች አዲስ አበባ አደረሰቻቸው።

"መሪጌታ፣ ጥፋቱ የአንገትዎ አይደለም" አላቸው ወጣቱ ሐኪም። "ጉሮሮዎ ውስጥ አብራዎ የተወለደች ቀዳዳ ያለች ይመስለኛል። ምራቁም ምግቡም በእሷ እየሾለከ ነው የሚያመግለው። ብርቅ ነገር ነው።"

"ብርቅ ነገር መች ያጣቸዋል!" አለች እታለም።

"ካገኘኋት አንገትዎን አልቀድድም። በአፍዎ ገብቼ በኤሌክትሪክ ሙቀት ተኩሼ እዘጋታለሁ።"

"ድምፄስ?"

"የድምፅ ነርቩ ቅርብ ነው፤ እጠነቀቃለሁ። አንዳንዱ ሰው ግን ለጊዜው ድምፁ ይሰልላል።"

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫቸው ገባ። "ኢ ይበሉ" ቢባሉ ፍርሃት ድምፃቸውን ቆራረጠው፤ ቀዳዳዋም አልታይ አለች።

"እንግዲያው የለመዱትን ያዚሙ።"

የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በአፍንጫ ቱቦ ሰክቶ? ሞተው ይገኛሉ! ሲጨንቃቸው አንድ የአገውኛ የሰርግ ዘፈን አመለጣቸው። ረዥሙን ስንኝ ሳብ ሲያደርጉት ጉሮሯቸው ተከፈተ፤ ከታች በግራ በኩል ቀዳዳዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች።

"አገኘኋት!" ብሎ ጮኸ ሐኪሙ።

እታለም አልጮኸችም። አገውኛ የሚነገርባት የዋግ ልጅ ናትና ግጥሙን አንድ ቃል ሳይቀራት ሰምታዋለች።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ በማደንዘዣ ተኙ፤ ቀዳዳዋ ተተኮሰች። ሲነቁ አንገታቸውን ዳሰሱ፤ አዲስ ቁስል የለም። አፋቸውን መክፈት ግን ፈሩ።

"እስቲ አንድ ቃል፣ መሪጌታ" አለ ሐኪሙ።

መሪጌታ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

"አንዲት ቃል ብቻ።"

አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እታለም ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። "ዘፈኑ ላይ ስሟን የጠሯት፣ ያቺ ዘመናይ የምትባል የኒሯቅ ከተማ ልጅ፣ ማን ናት?"

"አልናገርም!"

ድምፃቸው ኮሪደሩን ዘልቆ ተሰማ፤ እንደ ድሮው ወፍራም፣ እንደ ድሮው ጥርት ያለ። ሐኪሙ በደስታ አጨበጨበ።

"እሰይ! እስቲ ይድገሙልኝ!"

"ማን ናት?" አለች እታለም።

"አልናገርም አልኩ!"