ውርጭ የመታው ግድግዳ

ከገሳይ ከተማ በላይ የውሃ ማጠራቀሚያውን አርማታ የሞላነው በታኅሣሥ ነው፤ ውርጩ ባቄላውን ባቃጠለበት ሰሞን። ምህንድስና የተማርኩበት አገር ብርዱ የከፋ ስለሆነ ውርጭ አርማታን እንዴት እንደሚፈረካክስ አይቻለሁ። ስለዚህ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ቃጫ አብሮ እንዲቦካ አደረግሁ። ሠራተኞቹ «ሹሩባ ልትሠራው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ቃጫው ስንጥቅ እንዳይሰፋ ይይዛል እንጂ እርጥብ አርማታን አያሞቅም። ለብርዱ ብለን ዙሪያውን ጭድ አለበስነው።

ጠዋት ስመጣ ጭዱን የሰፈሩ ከብቶች ጨርሰውታል። አርማታውን አቅፎ የያዘው ጣውላ ላይ አመዳይ ተጋግሯል።

ጣውላው ሲነሳ ግን ግድግዳው ያምር ነበር፤ አንድ ስንጥቅ አይታይበትም። በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ጭቃ እንደመታሁ ያህል ድምፁ ታፈነ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ውሃ እንዳይሞሉበት» አልኳቸው የውሃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ። «ሳይጠነክር ውርጭ መታው፤ ውስጡ ፈርክሷል። ቃጫው ነው ፊቱን ይዞ ያቆመው።»

«ያዘ ካልክ ያዘ ነዋ! ለዚሁ አይደል የጨመርከው?»

«ከሥሩ የፈንታነሽ ቤት አለ። ይፍረስና እንደገና ይሠራ።»

«አየህ ኤርምያስ፣ ፈረንጅ አገር ፈሪ አድርጎ ነው የላከህ።»

እውነታቸው ይሆን? ከመዶሻ ድምፅ በቀር ምን ማስረጃ አለኝ? መመርመሪያ መሣሪያ ፍለጋ ደብረ ታቦር ሄድኩ። አላገኘሁም። ስመለስ ውሃው ተለቆ ማጠራቀሚያው እየሞላ ነው።

በሩጫ ፈንታነሽ ቤት ደረስኩ፤ ቤሩት ሠርታ ባመጣችው ገንዘብ የቆመ ቤት ነው።

«ፈንታነሽ፣ አሁኑኑ ከዚህ ውጪ።»

«ምነው ኤርሚ! አንተው ሠርተህ አንተው ታስበረግገኛለህ?»

እጇን ይዤ ግድግዳውን አሳየኋት። ከወገቡ በታች ላብ እንደጠጣ ሸሚዝ ርሷል፤ ጠብ ጠብ ይላል። ትክ ብላ አየችው። ፊቷ በራ።

«እሰይ! ደጄ ድረስ መጣልኝ!» ገብታ ጀሪካን አመጣችና ከሥሩ ደቀነች። «ዓለሚቱ! ወንዝ መውረድ ቀረ፣ ኑ ቅዱ!»

«አትጠጉ! ይናዳል!» ብዬ ጮኽኩ።

«ንፉግ! ለብቻህ ልትቀዳው ነው?» አለችኝ ጎረቤቷ ዓለሚቱ፣ እየሳቀች በአጠገቤ ስታልፍ። ሌሎችም ተከተሏት።

ዳገቱን ወጣሁ። ውሃውን የሚዘጋው የቫልቩ መዘውር በሰንሰለት ተቆልፏል።

«ቁልፉስ?» አልኩት ዘበኛውን።

«ጋሽ ዘውገ ይዘውት ገበያ ወጡ። አንተ መጥተህ እንዳትዘጋው ብለው።»

ከላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጋፋሉ። የመጀመሪያው ጀሪካን ሞልቷል። ውሃው አሁን ጠብ ጠብ አይልም፤ ይፈሳል።