የሻንቶ ባጃጆች

"እንግዲህ ሻንቶ ገበያ ዳር ብዙ ባጃጆች ቆመዋል እንበል" አለ አሮን ከስክሪኑ ውስጥ። "አንዲት እናት ደግሞ ዝንጅብል በጆንያ ይዘው አስፋልቱ ጋ ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ የትኛውን ባጃጅ ይላክላቸው?"

ማርያማዊት ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ጥያቄውን የሰጠችው እሷ ናት፤ ለተሳፋሪ የሚቀርበውን መኪና መርጦ የሚልክ ፕሮግራም እንዴት ይሠራል የሚል። የአንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ሶፍትዌር ኢንጂነር ሆና፣ ሶዶ እናቷ ቤት ተቀምጣ ትሠራለች፤ አዳዲስ አመልካቾችንም በኢንተርኔት ትፈትናለች። ጥያቄውን ያወጣ ከሥራ ይባረራል። ከሶዶ ብዙም የማይርቀው ሻንቶ፣ ባጃጁና ዝንጅብሉ ግን ጥያቄው ውስጥ የሉም።

"ሻንቶን ታውቀዋለህ?" አለችው።

የዛሬው አመልካች አሮን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዓይኑ ከካሜራው ሸሸ። "ሻንቶ... ኬንያ ውስጥ ያለ ከተማ አይደል?"

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈነዳ ነበር። አሁን ግን ሳቅ አልመጣላትም። ይህን ምሳሌ የፈጠረችው እሷው ናት፤ ባለፈው ክረምት፣ ሁለት ኢንተርቪው ለወደቀው ለታናሽ ወንድሟ ለበእምነት፣ እዚሁ ቤት፣ በረንዳው ላይ። አንጀቷን በልቷት እውነተኛውን ጥያቄ ነገረችው። "ካርታውን ከፋፍለው" ብላው ነበር፣ "ከዚያ ራስህን እከክና የምታስብ ምሰል።"

"ካርታውን እንከፋፍለዋለን" አለ አሮን። ራሱን አከከ።

ቀፈፋት። ልጁም ቀፈፋት፣ ከልጁ አፍ የሚወጣው የራሷ ቃል ደግሞ የባሰ። አመስግና ዘጋችውና ወደ ሳሎን ገባች።

በእምነት ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስልኩን ይነካካል። እናታቸው ወይዘሮ ጣፈጠች አጠገቡ ጎመን ይቀነጥሳሉ። አዲሱ ሶፋ ላስቲኩ ገና አልተነሣለትም። ማርያማዊት ፊት ለፊታቸው ዘፍ አለች።

"ለስንት ሰው ሸጥከው?"

"ምኑን?"

"የሻንቶን ባጃጅ!"

በእምነት ትከሻውን ነቀነቀ። "መሸጥ አትበይው። ኮርስ ነው። ቴሌግራም ላይ አስተምራለሁ።"

"የእኔን ስም ጠርተሃል?"

"ኧረ በፍጹም! 'ውስጥ ሰው አለኝ' ነው ያልኩት። ካላልኩማ ማን ይመዘገባል?"

"ምን አጠፋ ልጄ?" አሉ ወይዘሮ ጣፈጠች ከጎመኑ ቀና ሳይሉ። "አስተማረ እንጂ አልሰረቀም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?"

"እማዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?"

"የተቀመጥሽበት ሶፋ ከየት የመጣ መሰለሽ?"

ማርያማዊት እርጥብ ነገር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ብድግ አለች። ላስቲኩ እግሯ ላይ ተጣብቆ ተንጫጫ። እናቷ ሳቅ አሉ፤ ያ ሳቅ ከሁሉም በላይ አስጠላት።

"አሁን ምን ችግር አለ?" አለ በእምነት። "ልጁን ጣይው፣ ጥያቄውን ቀይሪ፣ አለቀ። ማን ያውቃል?"

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። አሮን ይወድቃል፣ እሷ ደመወዟን ትበላለች፣ ወንድሟ ሶፋው ላይ ይንፈላሰሳል። ይህን ስታስብ ምራቋ መረራት። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ በእምነት የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር በሰሃን ይዞላት ገባ። ሲያጠፋ እንዲህ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ምግብ ይዞ ነው የሚታረቀው።

"በቃ አትኮሳተሪ፣ እህትዬ። ብዪ እስቲ።" ሰሃኑን አስቀምጦ ጎንበስ አለ። "ግን አዲሱ ጥያቄ ምንድን ነው? ማክሰኞ ሌሎች ተማሪዎችን ማስተማር እጀምራለሁ።"

ማርያማዊት ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ለአለቃዋ የጻፈችው መልእክት አጭር ነበር፤ አመልካቹ ጥያቄውን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ጥያቄው የወጣው ከእኔ ቤት ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ ይላል።

በእምነት አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ። "አብደሻል? ያባርሩሻል እኮ!"

'ላክ' የሚለውን ተጫነችው። ከዚያ ሰሃኑን ወደ እሱ ገፋችለት።

"አዲሱ ጥያቄ ይኸውልህ" አለችው። "ሌላ ሥራ ስጠይቅ 'የቀድሞ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ?' ይሉኛል። መልሱን እስቲ አንተ አስጠናኝ።"