ሲልቪያ አትጨፍንም

ቪዲዮ ቤት በየመንደሩ በተከፈተበት ዘመን፣ ጆዲን ፕሩት አልጋና ግድያ በሚቀላቀሉባቸው የሎስ አንጀለስ ፊልሞች ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሴት ሆና ትሠራ ነበር፤ ሐር ለብሳ ባለትዳር የምታማልል፣ በመጨረሻም ሬሳዋ የሚነሳ። አንዱ ፊልም ግን ለየት አለባት። ሲልቪያ የምትባለው ሴት፣ ፍቅረኛዋ ለእሷ ብሎ ሸሪኩን ሲገድል፣ ጥላው በመኪናዋ ወደ በረሃው ትነዳለች። ጆዲን ድርሰቱን አንብባ ስትጨርስ "ይቺስ ተረፈች!" ብላ ብቻዋን ጨፍራለች።

ፊልሙ ለሙከራ ሲታይ ግን ተመልካቹ ሴትዮዋ በሰላም መሄዷን አልወደደም። ቬርን የሚባለው ዳይሬክተር ጆዲንን ጠርቶ አዲሱን መጨረሻ ነገራት፦ የፍቅረኛዋ ሚስት መዋኛ ገንዳው ዳር ተኩሳ ትገድላታለች፤ ከዚያ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።

"የገደለው እሱ፣ የምሞተው እኔ?"

"ሕዝቡ እንደዚያ ነው የሚፈልገው፣ የኔ ቆንጆ።"

"ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገላዬ ላይ ሲያፈጥ ቆይቶ ነው መጨረሻ ላይ ጨዋ የሚሆነው?"

ቬርን ሳቀ። ውሉ ግን አያስቀልድም ነበር፤ ከቀረጻው ከቀረች ይከሷታል።

ሄደች። ሚስትየዋን የምትጫወተው ግሬታ ነበረች፤ በቀረጻው ሁሉ ከሰላምታ በላይ አናግራት የማታውቅ። ግሬታ ተኮሰች። ጆዲን ውሃው ላይ ወድቃ በጀርባዋ ተንሳፈፈች፤ ዓይኗን ግን ካሜራው ላይ ተከለች።

"አቁሙ! ጨፍኚ እንጂ ጆዲን፣ ሞተሻል እኮ!"

"ሲልቪያ አትጨፍንም።"

ደገሙት። የረጠበው ሐር እየከበዳት፣ ከንፈሯ በብርድ እየጠቆረ፣ በወደቀች ቁጥር አፈጠጠች። ባልየውን የሚጫወተው ተዋናይ ሰለቸውና "ኧረ ሙችና እንገላገል!" ሲል ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ።

ግሬታ አልሳቀችም። "እኔም አንተን አላቅፍህም" አለችው።

"ምን?"

"በላዬ ላይ ሌላ ይዘህ፣ ሰው ገድለህ፣ ጭራሽ እሷን በእኔ እጅ አስገድለህ! ምን ብዬ ነው የማቅፍህ? ቬርን፣ አላቅፈውም።"

"አንቺም ጀመረሽ?"

"አዎ፣ ጀመረኝ።"

ቬርን ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ። ጆዲን እየተንቀጠቀጠች ከውሃው ስትወጣ ግሬታ ካፖርቷን አለበሰቻት። "ደሞ እንዳትታመሚብኝ" አለቻት፤ "ነገም ጠብ አለብን።"

በማግስቱ ግን ጆዲንን አሰናበቷት። የእሷን ፀጉር የሚመስል ዊግ ያጠለቀች ሌላ ሴት በፊቷ ተደፍታ ተንሳፈፈች። የግሬታን ፊት ግን በማን ይተኩት? ቢለምኗትም ቢያስፈራሯትም እንቢ እንዳለች ቀረች፤ ሽጉጧን እንደያዘች ባሏን ትኩር ብላ ስታየው ፊልሙ አለቀ።

ያ ኩባንያ ጆዲንን ዳግመኛ አልጠራትም። ሥራው ቀርቶባት ተቸገረች፤ ባደረገችው ግን አልተጸጸተችም። ፊልሙ በተከፈተ ሰሞን ግሬታ እየጎተተች ሲኒማ ቤት ወሰደቻት። መጨረሻው ደረሰ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት "ምን ትጠብቂያለሽ? ለሱም ድገሚለት እንጂ!" ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ በሳቅ አውካኩ። ጆዲን ግሬታን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

መውጫው ላይ ፋንዲሻ የያዘ አንድ ጎልማሳ ጆዲንን ደጋግሞ አየት አደረጋትና "ይቅርታ፣ የሞተችው ሴትዮ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አላት።

"አይደለሁም" አለችው ጆዲን ቀና ብላ። "እዚያ የተንሳፈፈችው ሌላ ሴት ናት። እኔን ማንም አልገደለኝም።"