አልጠፋ ያለው ሞተር

ሞተሩ ይነሳል፣ ትንሽ ያጓራል፣ ከዚያ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ተንተክትኮ ዝም ይላል። መይሙና ከጠዋት ጀምሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ የምትሰማው ይህንኑ ነው። ከኋላዋ የሽንኩርቱ ጫፍ መድረቅ ጀምሯል። ክረምቱ ስለከዳቸው ማሽላው ሳያፈራ ቀርቷል፤ የልጆቹ የዓመት ቀለብ ያለው እዚህ ሽንኩርት ላይ ነው። ዛሬ ውሃ ካላገኘ አለቀለት።

ዘንድሮ ውሃው ወደ ታች ሸሽቷል፤ ሞተሩ ከላይ ሆኖ መሳብ አቅቶታል። ባሏ ኸይረዲን የቆቦ ሜዳ ገበሬ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። የጉድጓዱን ግድግዳ ከውስጥ ፈልፍሎ መደብ አበጀና ሞተሩን በገመድ አውርዶ እዚያ አስቀመጠው። ጭሱ በየት ይወጣል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ሐሳቡ ውሃው ላይ ነበር።

ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ኸይረዲን በገመዱ ተንጠላጥሎ ይወጣና ራሱን ይዞ መሬት ላይ ዘፍ ይላል። ካንዴላውን ፈትቶ ጠረገ። ቤንዚኑን ውሃ ቀላቅለው ሸጠውልኝ ይሆናል ብሎ በጠርሙስ ቀድቶ ፀሐይ ላይ አየው፤ ንጹሕ ነው። ፊልትሮውን አራገፈ፣ ቱቦውን በአፉ ነፋ፣ ካርቡሬተሩን ፈታትቶ አጠበ። ሞተሩ ግን ያው ነው፤ ይነሳል፣ ይጠፋል። ራሴን ከበደኝ አላት። መይሙና ውሃ ሰጠችው እንጂ በሆዷ ተናዳለች። ሰው እንዲህ በየጊዜው እየወጣ ሥራ ይሠራል ወይ?

ቆይታ አንድ ነገር ልብ አለች። ሞተሩ የሚጠፋው ሁልጊዜ ትንሽ ከሠራ በኋላ ነው፤ ጥቂት ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ከማግባቷ በፊት ሮቢት ገበያ ላይ ዘይት ትቸረችር ነበር። ቆርቆሮውን አንድ ቦታ ብቻ ከበሱት ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል፤ ለአየር ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። ኸይረዲን ደግሞ ቤንዚን በልመና በሚገኝበት ሰሞን እንዳይተንበት ብሎ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ የሰልባትዮው ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በማስቲሽ ደፍኗታል።

«ክዳኑን ብሳው» አለችው። «አየር ካልገባ ቤንዚኑ በምን ይወርዳል?»

ኸይረዲን ትክ ብሎ አያትና ሳቀ። ከጠዋት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

«አንቺን ሮቢት ላይ ያገናኘኝ ቀን አላህ ወዶኛል» አላት።

ሚስማር ይዞ፣ ቢስሚላህ ብሎ ወረደ። እንዳይጠፋ ትንሽ አየት አድርጌው እወጣለሁ ብሏታል።

ሞተሩ ተነሳ፤ አልጠፋምም። ውሃው በቱቦው ግልብጥ ብሎ መጣ። መይሙና አካፋዋን ይዛ ሮጠች፤ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው እየከፈተች፣ እየዘጋች፣ አልሃምዱሊላህ እያለች። የሞተሩ ድምፅ አንድ ወጥ ሆኖ በሰማችው ቁጥር ደረቷ በኩራት ይነፋ ነበር።

ውሃው ማሳው ግማሽ ሲደርስ ባሏ አለመውጣቱ ትዝ አላት። ተጣራች፤ ድምፅዋን ሞተሩ ዋጠው። ተንበርክካ ቁልቁል አየች። ኸይረዲን ጭሱ መሃል፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቷ አራጌ ከማሳው ደረሰ። ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደ፤ ግን መሃል ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ ሌሎች ተረባርበው ጎትተው አወጡት። አስታወከና እንዳትወርዱ አላቸው፤ ውስጡ ለሰው የሚተነፈስ አየር የለም። መይሙና ልትገባ ስትል ሁለት ሴቶች ያዟት። ሞተሩን በድንጋይ እንዳይሰብሩት ድንጋዩ ኸይረዲን ላይ ይወርዳል። ሞተሩ እስኪጠፋ መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ ጠፋ።

ጠዋቱን ሙሉ ባሏን ያተረፈው የሞተሩ መጥፋት ነበር። በጠፋ ቁጥር ይወጣ ነበር፣ ይተነፍስ ነበር። ይህ ሲገባት መይሙና በሆዷ ተኛች፤ አፏን ወደ ጉድጓዱ አድርጋ እንደ ሰው ለመነችው።

«ጥፋ» አለችው። «ለአላህ ብለህ ጥፋ።»

ሰልባትዮው ሙሉ ነበር። ሞተሩ አንዴም ሳይንተከተክ ሠራ፤ ውሃውም ሽንኩርቱን አጠጥቶ ጨርሶ ወደ አራጌ ባዶ መሬት መፍሰስ ጀመረ።