ገጹ ያልተቆረጠው ልብ ወለድ

«ከልብ ወለዶቹ የትኛውን ነው የወደዱት?» አለች ብላንሽ።

እንግዳው አፉ ጋ ያደረሰውን የቡና ሲኒ መልሶ አስቀመጠ። ከባሏ ጋር ጋዜጣው ቤት አብሮ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ባሏ፣ ደራሲው ኦክታቭ፣ ትናንት ጠዋት አርፎ አስከሬኑ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተኝቷል።

«ሁሉንም ነው፣ ማዳም። እውነቴን ነው፣ ሁሉንም!» አለና ባርኔጣውን መፈለግ ጀመረ።

በሩ ከኋላው ሲዘጋ ታላቅ እህቷ ኦዴት መታገሥ አቃታት። «አንቺ! ሰው ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ ፈተና ትፈትኚዋለሽ?»

«ነገ መቃብሩ ላይ የሚናገርለት ሰው እፈልጋለሁ። መጽሐፎቹን ያነበበ ሰው።»

«ሙሴ ፎንትናይ አሉልሽ አይደል እንዴ?»

ፎንትናይ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ነው። ምን እንደሚል ብላንሽ ከወዲሁ ታውቀዋለች። «በየሐሙሱ ስለ ሌሎች ሰዎች መጽሐፍ የሚጽፈው ብዕረ ስሉ ጋዜጠኛ» ይልና፣ አራቱን ልብ ወለዶች በአንድ ትንፋሽ ያልፋቸዋል። ለኦክታቭ ግን ጋዜጣው እንጀራው ነበር እንጂ ሕይወቱ አልነበረም። ሕይወቱ ገና ሳይነጋ፣ ምድጃው ሳይቀጣጠል፣ ከሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርቱን ደርቦ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጽፈው ልብ ወለድ ነበር። ነገ እሱን የሚያነሳለት ከጠፋ ባሏ ሁለት ጊዜ ሊቀበርባት ነው።

ፓሪስ ውስጥ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ደራሲዎች ይተዋወቃሉ፤ ዛሬ አንተ እኔን አመስግን፣ ነገ እኔ አንተን ይባባላሉ። ኦክታቭ እዚህ ነገር ውስጥ አልገባም አለ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማይለየው፣ በሰርጋቸውም ሚዜው የነበረው ቴዎፊል የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሲያወጣ እንኳ፣ «ሕይወት የለውም» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን እራት ላይ ብላንሽ ጮኸችበት።

«ሁለት መልካም ቃል ብትጥልለት ምን ነበረበት?»

«ለቴዎፊል ከዋሸሁ፣ እውነቴን ያመሰገንኳቸው ሁሉ ውሸት ይሆናሉ» አላት። ሾርባውን ግን ሳይነካው ተነሣ።

ቴዎፊል ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። የኦክታቭ ልብ ወለዶች በተራቸው ሲወጡ ደግሞ ስለ እነሱ አንድ መስመር የጻፈ ጠፋ። ሁሉም በዝምታ ቂሙን ተወጣ። ብላንሽ ባሏን ትወደው ነበር፤ ይህን ግትርነቱን ግን ይቅር ብላው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ፎንትናይ መጣ። የኦክታቭን የመጨረሻ ልብ ወለድ በጥቁር ሪባን አስሮ ይዟል።

«ሣጥኑ ውስጥ ከጎኑ እናኑርለት ብዬ ነው፣ ማዳም። ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው! ጀምሬው ሳላስቀምጥ ነው የጨረስኩት።»

ብላንሽ ተቀብላ ሪባኑን ፈታችው። አንባቢ እያነበበ በቢላ የሚቆርጠው የገጾቹ ጠርዝ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጠሎች በቀር፣ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

«ሙሴ ፎንትናይ፣ ሳይቆርጡት እንዴት አነበቡት?»

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። ኦዴት ነገሩን ለመሸፈን ሳለች።

እሱ ደረጃውን ሲወርድ ሌላ ሰው እያለከለከ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ካፖርቱ በዝናብ ርሷል፤ ፀጉሩ ሳስቷል። ብላንሽ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋችበት። ቴዎፊል ነበር።

«አንተ ደግሞ ምን ልትል መጣህ? ደስ ብሎህ?»

«ልሰናበተው ነው፣ ብላንሽ።»

«ከልብ ወለዶቹ የትኛውን ወደድክ?» ልትወጋው ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ቴዎፊል አሰብ አደረገ። «ሁለተኛውን። እናትየው ልጇን ወደ ጦር ሜዳ ስትሸኝ፣ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ስለ ቅቤ መወደድ የምታወራበት ቦታ አለ አይደል? እሱን ትራም ውስጥ እያነበብኩ መውረጃዬን አለፍኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሦስተኛው ግን አይረባም። ያን ሁሉ ቄስ ምን አመጣው? አራተኛውም መጨረሻው ላይ ይጣደፋል።»

«እመቤቴ ድረሽ!» አለች ኦዴት። «ሰውየው እዚያ ተኝቶ!»

ብላንሽ በንዴት በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ገባት። ኦክታቭም ስለ መጽሐፍ የሚያወራው እንዲሁ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ይህ ሁሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ስለ ባሏ ያወራት ይህ ብቻ ነው። እዚያው በሩ ላይ አለቀሰች፤ ከሞተ ወዲህ ገና አሁን።

«ነገ አንተ ተናገርለት» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«እኔ? ከተናገርኩ የሦስተኛውንም እናገራለሁ። እሱም የኔን አልማረልኝም።»

«ጠልተኸው ነበር?»

«ክፉኛ። ኋላ መጽሐፌን መልሼ አነበብኩት።»

በማግሥቱ መቃብሩ ዙሪያ የጋዜጣው ሰዎች ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ፎንትናይ አኩርፎ ከፊት ነው። ቴዎፊል ወረቀት አልያዘም። ስለ እናትየው፣ ስለ ባቡሩና ስለ ቅቤው ተናገረ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሦስተኛውን መጻፍ አልነበረበትም» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሁሉም ዞሮ ሚስትየዋን አያት። ብላንሽ ፊቷን የሸፈነውን ጥቁር ዓይነ ርግብ በሁለት እጇ ወደ ላይ ገለጠችና፣ በደንብ እንድትሰማ ወደ ቴዎፊል ጠጋ አለች።