በሩ ላይ ያለው ቁጥር

ደሳለኝ የራሱን ስልክ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በአንድ ጣቱ ወደ ደምሴ ገፋው።

"ያንብቡት" አለ። "ጮክ ብለው።"

ደምሴ መነጽሩን አጠለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሞት ሲለፍፍ በኖረ ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

"'የሞት ማስታወቂያ። ለገበሬው የመጣው መቶ አርባ ኩንታል ማዳበሪያ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቀብሩም በአንድ ነጋዴ መጋዘን ተፈጽሟል። ቀባሪዎች ሆይ፣ ከቀብር መልስ አህዮቻችሁን ባዶ እየነዳችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ።'"

ሳቅ መጣበትና በሳል አሳለፈው። ለደሳለኝ ግን የሚሳቅበት ቀን አልነበረም። የቀበሌው የጸጥታ ኃላፊ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከበላዮቹ ሦስት ጊዜ ተደውሎለታል።

"በቅሬያችሁ የቴሌግራም ቻናል ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል። የቅሬው ሲም ካርድ በማን ስም ነው የወጣው?"

"በእኔ።"

"እርስዎ እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ስልኩ ተጠልፏል። በዚህ ከተማ ስልክ መጥለፍ የሚያውቅ ደግሞ ኡበይድ ነው። ጠዋት አስመጥተነው እጓሮው ክፍል ተቀምጧል።"

የሰፈሩ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን በአንድ የሚሸኝበት ማኅበር ነው፤ ደምሴ ደግሞ ሞት የሚያስታውቅ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ። ሸዋ ሮቢት እየሰፋች የባጃጁ ጩኸት ጥሩምባውን ሲውጠው ቅሬው ስልክ ገዛ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነው ኡበይድም የቴሌግራም ቻናል ከፈተለት። ስልኩ የት ይቀመጥ ሲባል ሰው ብዙም አልተከራከረም። ድንኳኑና ብረት ድስቱ በሚቀመጥበት የቅሬው ቤት፣ ጥሩምባው የተሰቀለበት ምስማር ላይ፣ በጨርቅ ከረጢት ተንጠለጠለ። መክፈቻ ቁጥሩ ከበሩ ጀርባ በከሰል ተጻፈ። በሩም ቢሆን የሚዘጋው በሽቦ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ገብቶ ይጽፋል፤ ባለፈው ዓመት እህቷ ስትሞት የደምሴ ሚስት ፋናዬም ራሷ ገብታ ጽፋለች።

ያኔ የተቃወመው ኡበይድ ብቻ ነበር። "ጋሼ፣ የስልክ ቁልፍ እንደ ጥሩምባ አይሰቀልም" ብሎ ነበር። "አንድ ቀን አንዱ ገብቶ ጉድ ያፈላል።"

"ሞት ቁልፍ ያዥ እስኪመጣ አይጠብቅም" ብሎ ደምሴ አፉን አስያዘው።

አሁን ሲያስበው የኡበይድ ንግግር ምክር ሳይሆን ዛቻ መሰለው። ጉድ እንደሚፈላ እንዴት አስቀድሞ አወቀ?

"ኢንተርኔቱ በተዘጋ ጊዜ ለከተማው ሁሉ ቪፒኤን ሲጭን የነበረው ማን ነው?" አለ ደሳለኝ። "መንግሥት የዘጋውን የሚከፍት ሰው፣ የቅሬን ስልክ መክፈት ያቅተዋል?"

"ለእርስዎም ጭኖልዎታል አሉ።"

ደሳለኝ ጆሮው ቀላ። "የእኔ ለሥራ ነው" አለና አንድ ወረቀት ሳበ። "አሁን ይህን ይፈርሙ። 'የስልኩን መክፈቻ ቁጥር የምናውቀው እኔና ኡበይድ ብቻ ነን' ይላል። ካልፈረሙ ቻናሉ ይዘጋል። ሲሙም በስምዎ ስለሆነ፣ በኡበይድ ቦታ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።"

ውሸት መሆኑን ደምሴ ያውቃል። ግን ፈራ። በስድሳ ሦስት ዓመቱ እስር ቤት መግባት አልፈለገም፤ ፍርሃት ደግሞ ሰበብ አያጣም። ቁጥሩንስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እንዲህ ያለ ተንኮል ግን ከኡበይድ በቀር ማን ያውቃል ብሎ ራሱን አሳመነ። እስክሪብቶውን አነሳ። ከመፈረሙ በፊት ዓይኑ ስልኩ ላይ ባለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ዐረፈ።

አህዮቻችሁን ባዶ እየነዳችሁ።

ቅዳሜ ዕለት ፋናዬ ለሦስተኛ ጊዜ የማዳበሪያ ኩፖኗን ይዛ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳ ነበር። ነጠላዋን ወርውራ መደቡ ላይ ተቀመጠችና፣ "ከቀብር የተመለስኩ መሰለኝ፤ አህያዋን ባዶ እየነዳሁ ገባሁ" አለችው። እሱም እህ ብሎ አለፈው።

እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

"ያለ ማኅተም ዋጋ የለውም" አለ። "የቅሬው ማኅተም እዚያው ቤት ነው። ላምጣው።"

"ቶሎ ይመለሱ። በሩንም ይጠቡት፤ አንድ ነገር ተጽፎበታል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ።"

ከግቢው ሲወጣ የኡበይድ ሚስት ናጅዋ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ከበሩ ቆማለች። ሁልጊዜ ቀድማ የምትስመው ልጅ ዛሬ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

"ጋሼ፣ ስሙን የሰጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ የማንንም ስም አልሰጠሁም።"

"እንግዲያው ሲም ካርዱ የእርስዎ ሆኖ፣ እንዴት እርስዎ ወጡና እሱ ቀረ?"

አልፏት ወደ ቅሬው ቤት አቀና። ጸሐዩ አናቱን እየጠበሰው፣ ያገኘው ሰው ሁሉ በጎን የሚያየው እየመሰለው ሄደ። እሱም በተራው ያገኘውን ሁሉ ጠረጠረ፤ ባለባጃጁን፣ ባለ ሽንኩርቷን። ሲጠረጥር እግረ መንገዱን እየለመነ ነበር፤ አንዱ ይሁን፣ ብቻ እሷ አትሁን።

የቅሬው ቤት ሽቦ ተፈቷል። ፋናዬ ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ የበሩን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ትፈትጋለች። ከአራቱ ቁጥሮች የቀሩት ሁለት ናቸው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቆሽሿል" አለች፣ ዞር ሳትል። "የሚጠጣ ውሃ እንኳ በማይገኝበት በር አጥባለሁ፤ ምን ታደርገዋለህ።"

"ኡበይድን ይዘውታል።"

እጇ ቆመ። ጥቁር ውሃ በክንዷ ላይ እየወረደ ክርኗ ላይ ደረሰ።

"ኡበይድን? እሱ ምን አደረገ?"

"'ቁጥሩን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን' ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። ይሄ በር ከታጠበ ደግሞ እውነት ይሆናል።"

ፋናዬ ድንኳኑ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ሲያይ እሷ አትሆንም የሚል የቀረችው ትንሽ ተስፋም ለቀቀችው፤ በምትኩ ቁጣ መጣ፣ ከቁጣው ሥር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የጻፈች ሚስት ስላለችው የሚያሳፍር ኩራት። ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሮ ይህን ያህል ቃል በሆዷ እንዳለ አላወቀም ነበር።

"ደምሴ፣ እኔ ነኝ..."

"አልጠየቅሁሽም።"

"ሄጄ ልንገራቸው እንጂ። የሰው ልጅ በእኔ..."

"ማን ጻፈው ብዬ አልጠየቅሁሽም አልኩሽ። ከዚህ ሰፈር ማንም ሊጽፈው ይችላል። እውነቱ እሱ ነው፤ እኔም የምናገረው እሱን ነው።"

"አንተን ቢይዙህስ?"

"ከያዙኝ በእውነቱ ይያዙኝ። ኡበይድ እንዳለው፣ ቁጥሩን ሜዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።"

ከጉልቻው ሥር ከሰል ፈልጎ አነሳ። የሮቢት ሙቀት እርጥቡን ሳንቃ ሲያደርቀው ብዙ አልቆየም። የጠፉትን ሁለት ቁጥሮች መልሶ ጻፈ፤ የቀሩትንም ደገመባቸው፤ ከቀድሞው አስበልጦ፣ መነጽር የሌለው ሰው እንዲያነበው አድርጎ። ከዚያ የቅሬውን ስልክ ከከረጢቱ አወጣና ለደሳለኝ ደወለ።

"አቶ ደሳለኝ፣ ወረቀትዎን ይዘው ወደ ቅሬው ቤት ይምጡ። 'እኔና ኡበይድ ብቻ' የምትለዋን ሰርዘው 'ሰፈሩ ሁሉ' ይበሉልኝ፤ እዚሁ እፈርማለሁ።"

የመጣለትን ጩኸት እስከ መጨረሻው አላዳመጠም። ስልኩን ከጥሩምባው አጠገብ መልሶ ሰቀለ። ቁጥሩ ከመንገድ እንዲታይ በሩን ወደ ውጭ በረገደውና፣ ነፋስ እንዳይመልሰው ድንጋይ አስደገፈበት።